ሦስት ጠርሙስ ወይስ ሦስት ሰው

ወንዳፍራሽ ይርጉ ሲያትል የገባው አማርኛ ሊያጠና ነበር። አማርኛ እንደ ልብ ከሚነገርበት አገር ተነስቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ካፊያ የማይለየው ከተማ ውስጥ አማርኛ ማጥናት ለዘመዶቹ ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነበር። እሱ ግን ከዚህም የባሰ አዘጋጅቶላቸው ኖሯል። በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሰማንያ አምስት፣ የኮሪያኛ አጥኚ ሆኖ አረፈው።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የቋንቋ ጥናት ክፍሉ ለአማርኛ የሚሆን የምርምር ረዳትነት የለውም፤ ለኮሪያኛ ግን አለው። የዚህ ምርምር ኃላፊ ፕሮፌሰር ሊንድክቪስት አንድ ቀን ቢሮአቸው አስጠሩትና፣

"ኮሪያኛ ትችላለህ?" አሉት።

"አንድም ቃል አልችልም።"

"በጣም ጥሩ። ቋንቋውን የሚችል ሰው ትርጉሙ ያታልለዋል። አንተ መዋቅሩን ብቻ ታያለህ።"

ፕሮፌሰሩ ራሳቸው በዚህ መመሪያ ጸንተው የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ኮሪያኛ ዕድሜ ልካቸውን ጽፈው በኮሪያኛ አንድ ስኒ ሻይ ማዘዝ አይችሉም። ወንዳፍራሽ ግን ገና ወጣት ስለነበረ እንዲህ ያለ ጽናት አልነበረውም። ተቀምጦ ኮሪያኛ ተማረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማንበብ ቻለ፣ መጻፍ ቻለ፣ መናገርም ቻለ። ይህን የመጨረሻውን ያመነው እሱ ብቻ ነበር።

የሚኖረው ሌክ ሲቲ በሚባል የሲያትል ሰፈር፣ ከታላቅ እህቱ ከእናኑ ጋር ነው። እናኑ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የፈረንጅ ሽማግሌ ስታነሳና ስታስተኛ ውላ ማታ ወንድሟን ትመግባለች። ባሏ ሥራ ላፈላልግ ብሎ አትላንታ ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ሥራ ይሁን ሌላ ነገር ያገኘው አልታወቀም፣ ብቻ የሆነ ነገር አግኝቷል።

"እሺ፣ አሁን በደንብ አስረዳኝ" አለችው አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፈች። "ሰው ወንድምሽ ምን ያጠናል ሲለኝ ዝም ማለት ሰልችቶኛል።"

"የተሳቢን እንቅስቃሴና ተንሳፋፊ ቁጥሮችን ነው፣ እትዬ።"

"ምን ላይ ነው የሚንሳፈፉት?"

"ዓረፍተ ነገር ውስጥ። ይኸውልሽ፣ ኮሪያዎች ሲቆጥሩ ቁጥሩን ብቻውን አይጠሩም። እኛ ሦስት ራስ ከብት፣ ሁለት ፍሬ ብርቱካን እንደምንለው እነሱ ለሁሉም ነገር መቁጠሪያ አላቸው። ለሰው አንድ ነው፣ ለመጽሐፍ ሌላ ነው፣ ለጠርሙስ ሌላ። ቁጥሩና መቁጠሪያው ደግሞ ከስሙ ራቅ ብለው መቀመጥ ይችላሉ። ተሳቢው ከቦታው ተነስቶ ወደ ፊት ከሄደ ቁጥሩን የነበረበት ትቶ መሄድ ይችላል። 'መጽሐፍ፣ ተማሪዎቹ ሦስት ጥራዝ ገዙ' ቢሉ ያምርባቸዋል።"

"ባለቤቱስ?"

"ባለቤቱ አይችልም። 'ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሦስት ሰው ገዙ' አይባልም። ባለቤት ቁጥሩን ከተሳቢው ወዲያ ማዶ ጥሎ መሄድ አይፈቀድለትም። ቲዮሪው የሚለው እንደዚያ ነው።"

እናኑ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"የኔ ባለቤት ሁለት ሱፍና አንድ የማይነሳ ቶዮታ ጥሎ ሄዷል። ለካ ኮሪያኛ ስላላወቀ ነው" ብላ ሽንኩርቷን ቀጠለች።

ቲዮሪውን ያወጡት በምሥራቅ ጠረፍ ያሉ ሊቃውንት ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ አይባልም ያሉት ደግሞ አንዳንድ ተማሪዎቻቸውን ጠይቀው ነው። ተማሪ መምህሩ ሊሰማ የፈለገውን ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ፕሮፌሰር ሊንድክቪስት ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር የቆየ ቂም ነበራቸው፤ የቂሙ መነሻ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው ይባላል። ስለዚህ ወንዳፍራሽን፣

"ሂድና እውነተኛ ሰው ጠይቅ። ዩኒቨርሲቲ ረግጦ የማያውቅ፣ እንዳፉ የሚናገር ሰው" አሉት።

እውነተኛ ሰው የት እንደሚገኝ ወንዳፍራሽ ያውቃል። እሱና እናኑ የሚያመልኩበት የኢትዮጵያውያን ኅብረት የራሱ ቤት አልነበረውም። ከሲያትል በስተ ደቡብ፣ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ ያለ የኮሪያዎች ቤተ ክርስቲያን እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ይለቅላቸዋል። ይህን ያስገኙት የኅብረቱ ሽማግሌ ጋሽ ሀይለየሱስ ናቸው። ጋሽ ሀይለየሱስ በወጣትነታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው የጦሩን ወጥ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ከዘመቻው የተረፋቸው ኮሪያኛ "ሰላም"፣ "ውሃ" እና "ሩዝ አለ?" የሚለው ብቻ ነው። ይህንኑ ለፓስተር ኖ አንድ በአንድ ቢያሰሙ ፓስተሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ የአዳራሹን ቁልፍ ሰጧቸው።

ኮሪያዎቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ምድር ቤት ምሳ ይበላሉ፤ ሀበሾቹ በዚያው ሰዓት መኪናቸውን ፓርክ እያደረጉ ይገባሉ። ወንዳፍራሽ አሁን ከሁሉም ቀድሞ መምጣት ጀመረ። የማስታወሻ አጀንዳውን ይዞ በጎመኑና በሾርባው መካከል ይዞራል። ሰላምታ ያቀርባል፣ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዲህ ተብሎ ይባላል?" ይላል። ኮሪያኛ የሚናገር ኢትዮጵያዊ በፌደራል ዌይ ታይቶ ስለማይታወቅ ሴቶቹ እየሳቁ ሩዝ ይጨምሩለታል።

ዓረፍተ ነገሩን የመረጠው እንዲህ ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ "ተማሪዎች ቢራ ጠጡ" የሚል ምሳሌ አገኘ። ለሰው የሚሆነው መቁጠሪያ "ምዮንግ" ነው፤ ስለዚህ "ተማሪዎች ቢራ ሦስት ምዮንግ ጠጡ" ካለ ልክ ቲዮሪው አይባልም ያለውን ዓይነት ይሆንለታል። ነገር ግን ፕሮፌሰሩ "ተማሪ፣ ተማሪ አትበል፤ ሰዎቹ የሚያውቁትን ነገር አስገባ፣ አለዚያ ይሰለቻሉ" ብለውት ነበር። ወንዳፍራሽ ዙሪያውን ቢመለከት ሰዎቹ በደንብ የሚያውቁት ዲያቆኖቻቸውን ነው። ተማሪዎቹን አውጥቶ ዲያቆናቱን አስገባ። ቢራው ማንንም ያስቸግራል ብሎ ስላላሰበ እንዳለ ተወው።

እናም በዚያ የጸደይ ወራት በየእሑዱ፣ መጠጥ በከንፈሩ የነካ በማይሾምበት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ አንድ ረጅም ሀበሻ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ "'ዲያቆናቱ ቢራ ሦስት ጠጡ' ይባላል?" እያለ በትሕትና ሲጠይቅ ከረመ።

መልሱ ያልተጠበቀ ሆነ። ሴቶቹ መጀመሪያ ፈገግታቸው ይጠፋል። ከዚያ ግራና ቀኝ ያያሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይባላል" ይላሉ። አንዷ እንዲያውም "ይባላል እንዴ?" ብላ መልሳ ጠየቀችው፤ እሱም ፈጠን ብሎ "እርስዎ ነዎት እንጂ የሚያውቁት" አላት። ወንዳፍራሽ ይህን መሳቀቅ ሁሉ ሲያይ ሰዎቹ የቋንቋቸውን ጥልቅ ሕግ በውስጣቸው እየመረመሩ መሰለው። አጀንዳው ላይ "ከረጅም ማሰላሰል በኋላ ተቀበሉት" ብሎ ጻፈ።

ፕሮፌሰር ሊንድክቪስት ውጤቱን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነስተው መስኮት ከፈቱ።

"ሁሉም ተቀበሉት?"

"ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም።"

"ሁለቱ ምን አሉ?"

"ተነስተው ሄዱ።"

"እነሱን እንተዋቸው" አሉ ፕሮፌሰሩ። ባለቤት ቁጥሩን ትቶ መሄድ ከቻለ የእነዚያ የምሥራቅ ጠረፍ ሊቃውንት ቲዮሪ ገደል ገባ ማለት ነው። ወዲያው ፖርትላንድ በሚደረግ ጉባኤ ላይ ወንዳፍራሽ ጥናቱን እንዲያቀርብ አስመዘገቡት። በዚያው ሳምንት ለአንድ የድሮ ባላንጣቸው ስልክ ኮል አድርገው ስለ አየሩ ጠባይ ሲያወሩ ቆዩ፤ ሌላ ምንም አላሉም፣ ድምፃቸው ብቻ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፌደራል ዌይ ላይ ግን ወሬው እግር አውጥቷል። የወሬው አሳዳጊ ሚስስ ኦክ የሚባሉ የልብስ ንጽሕና ቤት ባለቤት ናቸው። እሳቸው ቤት የጉባኤው ሸሚዝ ሁሉ ይመጣል፤ ሸሚዙ ሲመጣ ወሬ ይዞ ይመጣል፣ ሲሄድም ባዶውን አይሄድም። ወሬው እንዲህ ይላል፦ ዲያቆናቱ ቢራ ጠጥተዋል፤ ሦስት ጠርሙስ፤ ያየውም ያ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ትሑት ልጅ ስለሆነ ፊት ለፊት መናገር አፍሮ "እንዲህ ተብሎ ይባላል?" እያለ በሰምና ወርቅ ይጠይቃል።

በጉባኤው አምስት ዲያቆናት ነበሩ። አንደኛው ግሮሰሪ ነበረውና ሚስቱ በየማታው ፍሪጁን መቁጠር ጀመረች። ሌላው ፊቱ በተፈጥሮው ቀይ ነበር፤ ለእሱ ማንም ምርመራ አላስፈለገውም፣ ተፈርዶበታል። ሦስተኛው በጸሎት ሰዓት ዓይኑን ቢጨፍን "ጠጥቶ ነው" ተባለ፣ ባይጨፍን "ሕሊናው ወቅሶት ነው" ተባለ። ወንዳፍራሽ ይህን ሁሉ እያየ ምንም አላየም። ያስተዋለው ነገር ቢኖር ሩዝ እንደ ድሮው እንደማይጨምሩለት ብቻ ነው፤ ለዚህም ለራሱ ምክንያት ሰጠው፤ ለምደውኝ ነው አለ።

በግንቦት መጨረሻ ገደማ በአንድ እሑድ፣ ፓስተር ኖ ስለ ስካር ሰብከው ሲጨርሱ ከኋላ ረድፍ ዲያቆን ማ ብድግ አሉ። ዲያቆን ማ ሃምሳዎቹን የያዙ፣ ኬንት ውስጥ መጋዘን የሚሠሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወንበር የሚያነሱና የሚያጥፉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ማንም ጠርጥሯቸው አያውቅም። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ አሻሽተው፣ የሥራ ባልደረባቸው ጡረታ ሲወጣ በተደረገው ግብዣ ላይ ቢራ መጠጣታቸውን፣ ሦስት ጠርሙስ መሆኑን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ ተናገሩ። ይህን ብለው ተቀመጡ። ሚስታቸው አላየቻቸውም። ከዚያ ግን እጃቸውን ያዘች።

ሰዉ የተደነቀው በቢራው ሳይሆን በቁጥሩ ነበር። ያ ሀበሻ ሦስት ብሎ ነበር፤ ሦስት ሆኖ ተገኘ።

በነጋታው ፓስተር ኖ ለጋሽ ሀይለየሱስ ደውለው ወንዳፍራሽን ይዘውት እንዲመጡ ለመኑ። ጋሽ ሀይለየሱስ የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጡ። ነገሩን ከእናኑ ሰምተዋል፤ እናኑ ደግሞ ከአንዲት ኮሪያዊት የመጦሪያ ባልደረባዋ። አይ ፋይቭ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ደቡብ ሲነዱ ከቆዩ በኋላ፣

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉት። "የትንቢት ስጦታ አለህ?"

"ምን? የለኝም፣ ጋሼ።"

"ካለህ አትደብቅ። ኅብረቱ ውስጥ አንዳንዶች አለው እያሉ ነው። እናኑ ግን 'እሱ? የራሱን ካልሲ የት እንዳደረገ የማያውቅ' አለች።"

ፓስተር ኖ ቢሮ ውስጥ ሚስስ ኦክም ተቀምጠው ጠበቋቸው። ሻይ ቀረበ። ፓስተሩ በእንግሊዝኛ፣ ቃል እየመረጡ ጀመሩ።

"ዲያቆን ማ የነገሩን ነገር ከእሱና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንተ ግን ከወር በፊት ጀምረህ ዲያቆናቱ ሦስት ጠርሙስ ቢራ ጠጡ ስትል ነበር። እንዴት አወቅህ?"

ወንዳፍራሽ ግራ ገባው። ሳይንስ ግን ትክክለኛነት ይጠይቃልና መጀመሪያ ስህተቱን አረመ።

"ሦስት ጠርሙስ አላልኩም፣ ፓስተር። ሦስት ሰው ነው ያልኩት።"

ፓስተር ኖ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ስለዚህ ሌሎች ሁለት ዲያቆናት አሉ ማለት ነው" አሉ በቀስታ።

ሚስስ ኦክ ዓይናቸው በራ። ጋሽ ሀይለየሱስ በአማርኛ "ከድጡ ወደ ማጡ" ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ።

"የለም፣ የለም። ማንም አልጠጣም። ማለቴ ጠጥተው ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ምሳሌ ነው። የማይባል ዓረፍተ ነገር ነው።"

"የማይባል ከሆነ ለምን አልከው?"

"መባል አለመባሉን ለማየት ነው።"

"አይባልም ያለህ ማነው?"

"ቲዮሪ ነው።"

ፓስተር ኖ በሥነ መለኮት ዶክትሬት ያላቸው ሰው ስለነበሩ ሰው በቲዮሪ የተነሳ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃሉ። እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ወንዳፍራሽ የተሳቢን እንቅስቃሴ አስረዳ፣ ባለቤቱን አስረዳ፣ ተንሳፋፊውን ቁጥር በሻይ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ እያንሳፈፈ አሳየ። ሲጨርስ ሚስስ ኦክ በኮሪያኛ፣

"እስቲ አሁን እንደዚያ ቀን አድርገህ በለው" አሉት።

አለው።

"ይኸው፣ ብዮንግ ብለሃል። ብዮንግ ጠርሙስ ነው።"

"ምዮንግ ነው ያልኩት።"

"እንደገና በል።"

እንደገና አለው። ሚስስ ኦክ ወደ ፓስተሩ ዞሩ። ፓስተሩ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዳፍራሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮው የኮሪያዎቹን "ም" ወደ "ብ" እያደላ ሰምቶ፣ እሱም አስመስዬ ልናገር ብሎ ጭራሽ "ብ" አድርጎት ኖሯል።

"ደግሞስ" አሉ ሚስስ ኦክ፣ ጀምረው የሚተዉት ነገር የለምና፣ "ምዮንግ ብትልም ማን ያምንሃል? ዲያቆን በምዮንግ አይቆጠርም። የተከበረ ሰው በ'ቡን' ነው የሚቆጠረው። ዲያቆናትን እንደ ተራ ሰው የሚቆጥር ባለጌ ስለሌለ፣ ልጁ ጠርሙስ ማለቱ ነው አልን።"

ፓስተር ኖ ይህንን ለጋሽ ሀይለየሱስ ተረጎሙላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣

"ኦኬ፣ ገባኝ" አሉት ለወንዳፍራሽ በአማርኛ። "አንቱ ማለት ሲገባህ አንተ ብለህ ቆጥረሃቸው ነው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ አንተ ምሳሌውንም ብርሌውንም በአንድ አፍ ጨመርካቸው።"

ወንዳፍራሽ አልሰማቸውም። ሴቶቹ ይባላል ያሉት "ዲያቆናቱ ቢራ ሦስት ጠርሙስ ጠጡ" የሚለውን ነው። ይህ ደግሞ ቁጥሩ የተሳቢው፣ የቢራው በመሆኑ፣ በኮሪያኛ ፍጹም ትክክል የሆነ፣ ሕፃን የሚናገረው፣ ማንም ሊቅ ተጠራጥሮት የማያውቅ ዓረፍተ ነገር ነው። የተሰበረ ቲዮሪ የለም። የሸሸ ባለቤት የለም። ፖርትላንድ አለ፤ ሊንድክቪስት አሉ። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ።

ፓስተር ኖ ተነስተው ትከሻውን ዳበስ አደረጉት። እንዲህ ያለ ጥልቅ ንስሐ ካዩ ብዙ ዘመናቸው ነበር። ሚስስ ኦክ እንኳ ልባቸው ራርቶ ናፕኪን አቀበሉት። እነሆ የሰው ስም በማጥፋቱ ይህን ያህል ያዘነ ወጣት። ወንዳፍራሽ ያዘነው ለመረጃው መሆኑን ሊነግራቸው አስቦ ነበር፤ ጋሽ ሀይለየሱስ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጡትና ተወው።

በዚህ ዓይነት ጋሽ ሀይለየሱስ እንዳይነጠቁ የፈሩት አዳራሽ ተረፈ። ዲያቆን ማ ለጊዜው ከአገልግሎት ስለታገዱ፣ ወንዳፍራሽ በእሳቸው ፈንታ ወንበር እንዲያነሳና እንዲያጥፍ ተወሰነ። ቅጣት ነው ያለ የለም፤ ፓስተሩ "ኅብረት" አሉት።

ከቢሮው ወጥተው ጋሽ ሀይለየሱስ መኪና ሊያመጡ ሲሄዱ፣ ዲያቆን ማ መኪና ማቆሚያው ላይ ዝናብ ውስጥ ቆመው አገኛቸው። ሲጠብቁት ነበር። ወንዳፍራሽ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

"አንተ ነህ አሉ ያወቅህብኝ" አሉት።

"አላወቅሁም። ምሳሌ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ምንም አላወቅህም?"

"ምንም።"

"ስለዚህ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።"

ወንዳፍራሽ "አዎ" አለ።

ዲያቆን ማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞረው አዩ። ዝናቡ ከፀጉራቸው በግንባራቸው እየወረደ አላበሱትም። ሊሰድቡት ወይም ሊመቱት ነው ብሎ ጠበቀ፤ ቢመቱት ደስ ይለው ነበር።

"ለማንም እንዳትናገር" አሉት በመጨረሻ። "ሚስቴ እግዚአብሔር ነው ያጋለጠው ብላ ነው ይቅር ያለችኝ። እግዚአብሔር አንተን ካሰበህ ገና ተስፋ አለህ ነው ያለችኝ። አሥር ዓመት እንደዚህ ተነጋግረን አናውቅም። ቲዮሪ ነው ብለህ ብትነግራት ምን ይሆናል?"

"አልናገርም።"

"መሐላ አልወድም። ግን ማልልኝ።"

ማለላቸው። ፓስተር ኖ ምስጢር ጠባቂ ነበሩ። የሚያሰጋው የሚስስ ኦክ አፍ ነበር፤ እሳቸው ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። አንዲት ፊደል አጥርቶ ያልሰማ ሰው ከመባል፣ እግዚአብሔር በእሳቸው ሱቅ በኩል ኃጢአትን ገለጠ መባል ይሻላል፤ ማንም ሰው ቢሆን እንዲሁ ይመርጣል።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ግን በወንዳፍራሽ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ በምድር ቤቱ ነቢይ ሆኖ ቀረ። ወንበር ሲያጥፍ እናቶች በጎን መጥተው ልጃቸው የሕክምና ትምህርት ቤት ይገባ እንደሆነ ይጠይቁታል። ስለ ሰዋስው አንድ ነገር ልጠይቅ ሲል ግን ይበተናሉ። አንድ ቀን እንደ ምንም አንዲት ወይዘሮ አግኝቶ "'ልጆቹ ፖም አራት በሉ' ይባላል?" ቢላቸው፣ ሴትዮዋ ቀልጠፍ ብለው "የማን ልጆች?" አሉት። አጀንዳውን ዘጋ። በሀበሾቹም በኩል ያው ነው፤ ሁለት ሰዎች የግሪን ካርዳቸውን ጉዳይ ይዘው ሌክ ሲቲ ድረስ መጡ። እናኑ በሩ ላይ ቆማ፣

"ነቢዩ ሻወር ላይ ነው። ሲወጣ ካልሲውን ካገኘ እጠራዋለሁ" ብላ መለሰቻቸው።

የቀረው የፕሮፌሰሩ ነገር ነበር። ወንዳፍራሽ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካሉ ኮሪያዊ ተማሪዎች ሄዶ፣ በመጽሐፍና በተማሪ፣ ጠርሙስ በሌለበት፣ ወረቀት ላይ ጽፎ በመስጠት ጥናቱን እንደገና ሠራ። አብዛኞቹ ዓረፍተ ነገሩ አይባልም አሉ። ጥቂቶች መካከሉ ላይ ትንፋሽ ከተወሰደ ሊባል ይችላል አሉ። ቲዮሪው ከነሙሉ ጤንነቱ ተገኘ። ይህን ይዞ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባ።

ፕሮፌሰር ሊንድክቪስት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡ። የከፈቱትን መስኮት ዘጉ።

"እኔም ይህን ነበር የጠረጠርኩት" አሉ። "ቲዮሪው በመሠረቱ ትክክል ነው። እነዚያ ሰዎች ያልገባቸው ለምን ትክክል እንደሆነ ነው። ጽሑፉን በዚያ መልክ አዙረው።"

ወንዳፍራሽ ፖርትላንድ ሄዶ አዙሮ አቀረበው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር፤ ግማሹ ቀጣዩን ተናጋሪ ለመስማት ቀድሞ ቦታ የያዘ ነው። አንድ ሽማግሌ እጅ አውጥተው ጥያቄ ጠየቁት፤ ጥያቄው ምሳ የት እንደሚበላ ነበር። በሰማንያ ዘጠኝ የዶክትሬት መጽሐፉ ጸደቀ። ተቀባይነት ያገኙትና ያላገኙት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ተማሪና መጽሐፍ ብቻ ነበሩ፤ በሁለት መቶ ገጽ ውስጥ አንድም ሰው አንድም ነገር አይጠጣም።

ሥራ ፍለጋው ሌላ ጉድ ነው። ለአማርኛ መምህርነት ለወጣው ክፍት ቦታ ሲያመለክት "አንተ የኮሪያኛ ሊቅ ነህ" ተባለ። ለኮሪያኛው ደብዳቤ ሲጽፍ በጣም በአክብሮት መልሰው፣ ስሙን አይተው ደብዳቤው በስህተት የተላከ እንደሆነ ጠየቁት። በመጨረሻ ታኮማ አጠገብ አንድ የማታ ትምህርት ቤት ኮሪያዊት ላገቡ ወታደሮች ኮሪያኛ የሚያስተምር ፈልጎ ቀጠረው። የመጀመሪያው ምሽት ሲገባ ተማሪዎቹ መምህሩን እንዲጠብቅ ወንበር አቀረቡለት። ጥሩ አስተማሪ ሆነ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ጨካኝ ነበር፤ ሰው ሲቆጥሩ የአክብሮቱን መቁጠሪያ ያልተጠቀመ ተማሪ ቤቱ አይሄድም።

ዲያቆን ማ በዓመቱ ወደ አገልግሎታቸው ተመለሱ። ተመለሱ እንጂ ወንበሩን አልወሰዱበትም፤ ሁለቱም ያጥፉ ጀመር፣ አንደኛው በአንድ ረድፍ፣ ሌላው በሌላው፣ ብዙም ሳይነጋገሩ። ኅብረቱ ራሱን ችሎ ሌክ ሲቲ አጠገብ አዳራሽ ሲከራይም ወንዳፍራሽ እሑድ እሑድ ጠዋት ፌደራል ዌይ መንዳቱን አልተወም። እናኑ ለምን እንደሚሄድ ስትጠይቀው፣ "ምሳው ጥሩ ነው" ይላታል። እሷም አትላንታ ላለው ባሏ የፍቺ ወረቀት የላከችው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ሱፎቹን አብራ ላከችለት፤ ቶዮታውን ወንዳፍራሽ አሠርቶ እስከ ታኮማ ይነዳበታል።